የደም ሕክምና ተመራማሪ ሐኪም መሆን፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ስልጠና) ሊጨርሱ የተቃረቡ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ሄማቶሎጂ ደስ ይለኛል፣ ምርምርም መሥራት እፈልጋለሁ፤ በየት በኩል ልግባ?» ከሲኒየሮች የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፦ «ውጣ!» አሜሪካ ወይ እንግሊዝ ግባ፣ ሌላውን እዚያ ትደርስበታለህ ዓይነት ነገር። ይህ ምክር ለአንዳንዱ ሰው ልክ ነው። ሌላውን ግን ምርጥ የሥራ ዘመኑን ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ መንገዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንያቸው።

ሥራው ራሱ ምን ይመስላል?

ማንኛውም ሄማቶሎጂስት፣ ማለትም የደም በሽታ ሐኪም፣ በሽተኛ ያያል፣ የመቅኔ ናሙና ይወስዳል፣ ስላይድ ያነባል፣ ኬሞ ያዛል። ተመራማሪውም ይህንኑ ይሠራል። ልዩነቱ እያንዳንዱ እርምጃው በፕሮቶኮል፣ ማለትም በጥናቱ የጽሑፍ ዕቅድ፣ የታሰረ መሆኑ ነው። የበሽተኛው ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል) ከ500 በታች ወርዶ ፕሮቶኮሉ «መድኃኒቱ ይቁም» ካለ ይቆማል። «ለእኔ ደህና ይመስለኛል» ብሎ መቀጠል የለም። በሽተኛው ትኩሳት ይዞት ሌላ ሆስፒታል ቢተኛ እንኳ እንደ ከባድ የጎንዮሽ ክስተት ይመዘገባል። ሐኪሙ ባወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ለስፖንሰሩ (ጥናቱን ለሚያስኬደው አካል) ማሳወቅ አለበት። ቅዳሜ ነው፣ ዓመት በዓል ነው አይባልም።

ከዚያ ወረቀቱ አለ። የስምምነት ቅጹ ለጥናቱ ከተወሰደው የመጀመሪያ ደም በፊት መፈረሙ ይጣራል። ሞኒተር የሚባለው የስፖንሰሩ ተቆጣጣሪ መጥቶ ካርዱን ከዳታው ጋር መስመር በመስመር ያመሳክራል። ቀን የተረሳበት ፊርማ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ወረቀት የሚያንገሸግሸው ሰው ይህን ከአሁኑ ቢያውቀው ይሻለዋል።

በሽተኛውም የራሱ ጥያቄ አለው። «ይሄ ሁሉ ደም ለምን ይወሰዳል? የት ነው የሚሄደው?» ይላል። ሄሞግሎቢኑ 6 የሆነ ሰው ይህን ቢጠይቅ እውነቱን ነው። ለምርምር ብላችሁ ተጨማሪ ቱቦ ስትሞሉ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በሚገባው ቋንቋ ቁጭ ብሎ ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው። ነርሷ ላይ ጥሎ መሄድ አያዋጣም።

የማወዳደሪያው መስፈርት

ሰው ሁሉ የሚያወዳድረው ደመወዝና አገር ነው። እኔ አስቀድሜ የማየው ሌላ ነገር ነው፦ የምርምሩ ጥያቄ የማን ነው? የኩባንያ ነው፣ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ወይስ የእናንተ? የዕለት ሥራችሁ፣ ስማችሁ በጽሑፉ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ውጤቱ ለየትኛው በሽተኛ እንደሚደርስ፣ ሁሉም ከዚህ ይመነጫል።

ቀይ የደም ሴል እንደ ማጭድ ከሚጣመምበት የዘር በሽታ፣ ከሲክል ሴል፣ ሁለት ምሳሌ ልውሰድ። ሃይድሮክሲዩሪያ የቆየና ርካሽ መድኃኒት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ የሲክል ሴል በሽተኞች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አፍሪካ ውስጥ ግን ስጋት ነበር። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ ወባንና ሌላ ኢንፌክሽንን ያባብስ ይሆን? ይህን ለመጠየቅ ኩባንያ ገንዘብ አያፈስም፤ ትርፍ የለውማ። ጥያቄውን ያነሱት የዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ናቸው። ሪች የተባለው ጥናት በአንጎላ፣ በዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ በኬንያና በዩጋንዳ ሕፃናትን ይዞ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ውጤቱ ሲወጣ ሕመሙም፣ ወባውም፣ ሞቱም ቀንሶ ተገኘ።

ሁለተኛው ካስጌቪ ነው። የበሽተኛውን የመቅኔ ሴል አውጥቶ፣ በክሪስፐር (በጂን ማረሚያ ዘዴ) አርሞ መልሶ መስጠት ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ፈቀደችው፤ አሜሪካ በሚቀጥለው ወር። አሜሪካ ውስጥ የተተመነለት ዋጋ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሳይንሱ አፍ ያስከፍታል። ግን ጥያቄው የኩባንያ ነው፤ ዋጋውም ይህንኑ ይናገራል። ሁለቱም ጥናቶች ላይ የሠሩት ሐኪሞች ጎበዞች ናቸው። እናንተ የትኛው ዓይነት ክፍል ውስጥ መቀመጥ እንደምትፈልጉ ግን አስቀድማችሁ መወሰን ትችላላችሁ።

አገር ቤት፣ ማስተማሪያ ሆስፒታል

መንገዱ የታወቀ ነው። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ 3 ዓመት፣ ከዚያ የሄማቶሎጂ ሰብ ስፔሻሊቲ። የሕፃናት ሐኪም ለሆነ ሰው ደግሞ የሕፃናት የደምና የካንሰር ሕክምና አለ። ጥቁር አንበሳ ከሁሉም ጫፍ የሚላኩ በሽተኞች መድረሻ ስለሆነ ሌላ አገር መጽሐፍ ላይ ብቻ የሚታይ ነገር እዚህ ተራ ይዞ ይጠብቃችኋል።

በጣም የምወደው ምሳሌ ሲኤምኤል የሚባለው ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ነው። ኢማቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ይህን በሽታ በክኒን የሚያዝ ነገር አደረገው። ዋጋው ግን ለእኛ በሽተኛ የሚታሰብ አልነበረም። ኖቫርቲስና ማክስ ፋውንዴሽን ባቋቋሙት የእርዳታ ፕሮግራም በኩል መድኃኒቱ ጥቁር አንበሳ ላሉ ታካሚዎች በነፃ መጣ። በዚህ የተነሳ ለዓመታት ክትትል ላይ ያሉ፣ መዝገብ ያላቸው፣ በቀጠሮ የሚመጡ በሽተኞች ተሰባሰቡ። ለተመራማሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ማን መድኃኒቱን ያቋርጣል? ለምን? ከሩቅ የሚመጣው ሰው በስንት ወሩ ይጠፋል? ይህን ለመጠየቅ ሚሊዮን ዶላር አያስፈልግም። የሲኤምኤል ጂን መለኪያው እንኳ ለቲቢ በምናውቀው የጂን ኤክስፐርት ማሽን ላይ የሚሠራ ካርትሪጅ አለው። ማሽኑ በየሆስፒታሉ አለ፤ ካርትሪጁን ማግኘት ነው ጣጣው።

አሁን ወደ መጥፎው ልግባ። ትልቁ ችግር ጊዜ ነው። ዋርዱ፣ ተመላላሹ፣ ዱቲው፣ ማስተማሩ ተደማምሮ ምርምር የሚሠራው ማታ ከልጆች እንቅልፍ በኋላ ይሆናል። ሪኤጀንት ያልቃል። ካርድ ይጠፋል። ደመወዙን ማውራት ራሱ ያደክማል፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በዚሁ ጉዳይ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ብዙው ሄማቶሎጂስት ከሰዓት በኋላ የግል ክሊኒክ የሚሮጠው ወዶ አይደለም።

ሌላም አለ። የምርምር ዘዴን ከሥር ከመሠረቱ የሚያስተምራችሁ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ። ስታትስቲክስ በራስ ጥረት፣ ፕሮቶኮል አጻጻፍ በራስ ጥረት። እኔ እንደማየው ይህ መንገድ የሚሆነው ጥያቄ በጭንቅላቱ ይዞ ለሚዞር ሰው ነው። ራውንድ ላይ «ይሄ ነገር ለምን እንዲህ ይሆናል?» የሚል ሰው እዚህ ቁሳቁስ አያጣም። ገና ዘዴውን ልማር ለሚል ግን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ዞሮ መምጣት ይሻላል።

የጎን በር፦ በወባና በካላዛር በኩል

ስለዚህኛው የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። በእኔ ግምት ለኢትዮጵያዊ ሐኪም ከሁሉም ያልተነካው መንገድ ይህ ነው። አገራችን ውስጥ በሥርዓት የሚካሄዱ የክሊኒካል ሙከራዎች በብዛት ያሉት በተላላፊ በሽታ ላይ ነው። ተላላፊ በሽታ ደግሞ ደም ውስጥ ይገባል።

ተውሳክ የሚያመጣውን ካላዛርን ውሰዱ። ከመተማና ከሁመራ ቆላ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ጣፊያው አብጦ፣ ቀይ ሴሉም ነጩም ፕላትሌቱም ወርዶ ነው የሚደርሰው። ላብራቶሪ ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ሉኪሚያ ሊመስለው ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል ለተዘነጉ በሽታዎች መድኃኒት ከሚያፈላልገው ዲኤንዲአይ ጋር ለዓመታት ሙከራ ሲያካሂድ ኖሯል። እዚያ የሠራ ሐኪም ጂሲፒን (የክሊኒካል ሙከራ አሠራር መመሪያን) በቃል ሳይሆን በእጁ ያውቀዋል።

የቪቫክስ ወባም እንዲሁ ነው። ፕሪማኩዊን ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ተውሳክ ይገድላል። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ያነሰው ሰው ላይ ግን ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል። ታዲያ የ14 ቀኑን ሕክምና በ7 ቀን መጨረስ ይቻላል ወይ? ይህን የመረመረው ኢምፕሩቭ የተባለው ጥናት በአፍጋኒስታን፣ በኢንዶኔዥያ፣ በቬትናምና በኢትዮጵያ የተሠራ ሲሆን ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ይህ የወባ ጥናት ተባለ እንጂ የሄማቶሎጂ ጥያቄ ነው። ቀይ ሴል እንዴት እንደሚፈርስ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሐኪም እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ቢገባ ቦታ አያጣም። አዲስ አበባ አለርት ግቢ ውስጥ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩትም በዚህ መስመር የሚታሰብ ነው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ሉኪሚያና ሊምፎማ በዚህ መንገድ አይገኙም። ገንዘቡ ከውጭ ስለሚመጣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። ጥያቄውም ብዙ ጊዜ ጄኔቫ ወይም ለንደን ተቀርጾ ነው የሚደርሳችሁ። በነገራችን ላይ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የደጋ ሰው ደም ከፍታውን እንዴት እንደተላመደው የሚለውን ጥያቄ የምናውቀው ሲንቲያ ቢል ከምትባል አሜሪካዊት ሳይንቲስት ጽሑፍ ነው። ሰሜን ጎንደር አምባራስ ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከቆላው ሰው ብዙም እንደማይለይ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመች። በአንዲስ ተራሮች ያለው ሰው ግን በዚያ ከፍታ ደሙ ይወፍራል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በደጃችን ተቀምጦ ሌላ ሰው ሲያነሳው ቅናት ቢጤ ያድርባችኋል፤ ማደሩም መልካም ነው።

ውጭ አገር፦ አሜሪካ ወይስ እንግሊዝ?

አሜሪካ የውስጥ ደዌ 3 ዓመት፣ የደምና የካንሰር ፌሎሺፕ ሌላ 3 ዓመት ነው። ፈተናውና ሬዚደንሲ ፍለጋው ከዚያ በፊት ያለ ነው። ስልጠናው ጥልቅ ነው፣ ሙከራው ብዙ ነው፣ አንድ ትልቅ ማዕከል ውስጥ ብዙ ጥናት ጎን ለጎን ሲሄድ ታያላችሁ። ይህን የሚክድ የለም።

የማይነገረው ቪዛው ላይ ያለው ነገር ነው። በጄ-1 (በልውውጥ ቪዛ) የገባ ሐኪም ስልጠናው ሲያልቅ ወይ ለ2 ዓመት አገሩ ይመለሳል፣ ወይ ደግሞ ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚያደርገውን ፈቃድ ይፈልጋል። ብዙው ሰው የሚይዘው ሐኪም በሚያንስበት አካባቢ ለ3 ዓመት ማገልገልን ነው። ኮንራድ በሚባለው ፕሮግራም እያንዳንዱ ግዛት በዓመት 30 ሰው ብቻ ይወስዳል። እነዚህ 3 ዓመታት የሚመጡት ተመራማሪ ሐኪም ስሙን በሚተክልበት ሰዓት ላይ ነው። እኩዮቹ ግራንት (የምርምር ገንዘብ ማመልከቻ) ሲጽፉ እሱ ከትልቅ ማዕከል ርቆ ቀኑን ሙሉ ተመላላሽ ያያል። ግራንቱም ራሱ አጥር አለው። ወጣት ክሊኒካል ተመራማሪዎች የሚመኩበት ኬ23 የተባለው የኤንአይኤች (የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም) ድጋፍ ከሥራ ጊዜያችሁ 75 በመቶው ለምርምር እንዲለቀቅ ያስገድዳል፤ ግሩም ነው። የሚሰጠው ግን ለዜጋና ግሪን ካርድ ላለው ሰው ነው። ዲቪ ደርሶት የሄደ ሐኪምና በጄ-1 የሄደ ሐኪም አንድ ፌሎሺፕ ጨርሰው ሁለት የተለያየ ዕድል የሚገጥማቸው ለዚህ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አስሉ።

ያለ ሕክምና ፈቃድ፣ በምርምር ብቻ መግባትም አለ። ፖስትዶክ ሆኖ ላብራቶሪ ውስጥ መሥራት ወይም ዳታ መተንተን። ፈተና አይጠይቅም። ነገር ግን በሽተኛ መንካት አይፈቀድላችሁም። ይህን ሳያስተውሉ ሄደው «እኔ እኮ ሐኪም ነኝ» እያሉ ፒፔት ይዘው የሚቆዝሙ አሉ።

እንግሊዝ ለየት ይላል። የሄማቶሎጂ ስልጠናው 5 ዓመት ሲሆን ክሊኒኩና ላብራቶሪው አንድ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው የፓቶሎጂ ኮሌጅ ፈተና ስላይዱን፣ ደም መርጋቱን፣ ለበሽተኛ ደም መስጠቱን ሁሉ ይመለከታል። ለእኛ ዓይነት አገር፣ ሄማቶሎጂስቱ ላብራቶሪውንም መምራት በሚኖርበት ቦታ፣ ይህ ስልጠና ይበልጥ ይስማማል ባይ ነኝ። ክሊኒካል ሪሰርች ፌሎው የሚባል ሥራም አለ። ሁለት ሦስት ዓመት ከመደበኛው ስልጠና ወጥቶ በአንድ ጥናት ላይ መሥራት፣ ብዙ ጊዜም ፒኤችዲ ወይም ኤምዲ (እዚያ የምርምር ዲግሪ ነው) ይዞ መመለስ ነው። ክፍያው ከአሜሪካ አማካሪ ሐኪም ያነሰ ነው፤ የስልጠና ቦታ ፉክክሩም ከብዷል። ዘዴውን ተምሬ ልመለስ ለሚል ግን ከሁለቱ ይህን እመርጣለሁ።

ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላይ ብዙ አልቆይም። ደመወዙ ይስባል። ባሕሬንና የሳዑዲ ምሥራቃዊ ክፍል ሲክል ሴል በብዛት ያለበት ስለሆነ ባሕሬን ካስጌቪን ከእንግሊዝ ቀጥላ ነው የፈቀደችው። ኮንትራታችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአገልግሎት ኮንትራት ነው የሚሆነው። ምርምር ውስጥ መግባት ከፈለጋችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይጻፍላችሁ።

ኩባንያ ውስጥ

ሐኪም ሆኖ መድኃኒት ኩባንያ መግባት እኛ ዘንድ እንደ ክህደት የሚያይ ሰው አለ። እኔ እንደዚያ አላይም። ሜዲካል ሞኒተር ወይም የደኅንነት ሐኪም የሚሠራው ሥራ ከባድ ነው። በሃያ አገር የተበተኑ የጥናት ጣቢያዎች ሪፖርት ይደርሰዋል። አንድ ሞት እዚህ፣ አንድ ሞት እዚያ። እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ ያለው ሐኪም የራሱን አንድ በሽተኛ ብቻ ነው የሚያየው፤ ተደምሮ የሚታየው እሱ ጋ ነው።

ቮክሰሎቶር ለዚህ ትምህርት ነው። ለሲክል ሴል የተሠራ ክኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በተፋጠነ መንገድ የተፈቀደው ሄሞግሎቢንን ከፍ በማድረጉ ነበር። ሕመሙን መቀነሱ፣ ዕድሜ ማርዘሙ ወደፊት ይረጋገጣል ተብሎ። በኋላ ጥናቶች ላይ መድኃኒቱን የወሰዱት ዘንድ ሞት በዝቶ ስለታየ ፋይዘር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ከዓለም ገበያ አወጣው። ሄሞግሎቢን ከፍ ማለቱ ብቻውን በሽተኛውን አላዳነም። ይህን ቁጥር ቀድሞ አይቶ «ቆም እንበል» የሚል ሐኪም ዋጋው ብዙ ነው። የሚቆጨው ነገር ደግሞ እሱ አንድም በሽተኛ አያይም፤ ጥያቄውንም አልመረጠም። ገንዘብና መደበኛ የሥራ ሰዓት ለሚያስፈልገው፣ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ጥሩ ቦታ ነው። ዕድሜ ልክ ለመቆየት ከማሰብ ግን አምስት ዓመት ሠርቶ የሙከራ አመራርን ተምሮ መውጣትም ይቻላል። ከማስተማሪያ ሆስፒታል ወደ ኩባንያ መሄድ ይቀላል፤ መመለሱ ይከብዳል።

ሉኪሚያ ወይስ ሌላው?

ይህ ምርጫ ከአገር ምርጫ እኩል ይመዝናል። ካንሰሩ ላይ ያለው ምርምር ፈጣን ነው። ገንዘብ አለው፣ ስም አለው። የበሽተኛውን ቲ ሴል አሠልጥኖ ሉኪሚያ ላይ የሚያዘምተው የካር-ቲ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ዛሬ የትልልቅ ማዕከላት ዕለታዊ ሥራ ሆኗል። ይህ የሚማርካችሁ ከሆነ ውጭ መውጣት ግድ ነው፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍልና በሰዓታት የሚደርስ ላብራቶሪ ያስፈልገዋልና። ሞትም በዚያው ልክ ይበዛል። አንድ ዓመት የምታውቁት ወጣት ይሞትባችኋል፤ በማግስቱ ቅጹን ትሞላላችሁ።

ካንሰር ያልሆነው ዘርፍ ረጅም ዕድሜ ያለው ዝምድና ነው። ሄሞፊሊያ (ደም በደንብ የማይረጋበት የዘር በሽታ) ያለበት ልጅ ከእናንተ ጋር ያድጋል። ኤሚሲዙማብ የተባለው መድኃኒት ከቆዳ ሥር የሚወጋ በመሆኑ፣ በሳምንት ወይም በየአራት ሳምንቱ ስለሚሰጥ፣ የእነዚህን ልጆች ኑሮ ለውጦታል። እኛ ዘንድ ግን ብዙው የደም መርጊያ ፋክተር በእርዳታ የሚመጣ ነው፤ የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን ይልካል። ታዲያ ጥያቄው ራሱ ይመጣል፦ በትንሽ መጠን ስንት ልጅ ከመገጣጠሚያ ደም መፍሰስ ማዳን ይቻላል? ቻይናና ሕንድ ይህን ጠይቀው ሠርተውበታል። እኛም የምንጠይቀው ቦታ አለ። ሲክል ሴል ላይ ልሠራ የሚል ሰው ግን አዲስ አበባ ላይ ብዙ በሽተኛ አይጠብቅ። የደጋው ሕዝብ ዘንድ እምብዛም የለም፤ ካምፓላ ወይም ባሕረ ሰላጤው ይሻለዋል።

ከመፈረም በፊት

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ሥራ ሲቀርብላችሁ ጥቂት ነገሮችን በጽሑፍ አስይዙ። በሳምንት ስንት ቀን ለምርምር ብቻ ይለቀቅላችኋል? «ስትችል ትሠራለህ» ማለት ዜሮ ቀን ማለት ነው። ዳታው የማን ነው? ናሙናው ውጭ ከተላከ የዝውውር ስምምነቱን የፈረመው ማነው፣ ተመልሳችሁስ ትጠቀሙበታላችሁ ወይ? ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ጥናቱ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ሌላ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም እንዳለው ጠይቁ፤ ደብዳቤውን በዓይናችሁ እዩ። ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ ለጠቀመው በሽተኛ ይቀጥልለታል ወይ? ይህን በሽተኛው የሚጠይቀው ስፖንሰሩን ሳይሆን እናንተን ነው።

እስከዚያው ጂሲፒ ሰርተፊኬታችሁን ያዙ። ግሎባል ሄልዝ ኔትወርክ ኮርሱን በነፃ በኢንተርኔት ይሰጣል። መመሪያው ኢ6 አር3 ተብሎ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ስለታደሰ የምትወስዱት አዲሱን የሚያካትት መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ በዋርዳችሁ ጥናት የሚሠራ ሲኒየር ፈልጋችሁ የስምምነት ቅጽ ሲያስፈርም አንድ ቀን አብራችሁ ቁጭ በሉ። ወረቀቱንም ሰውየውንም መታገስ መቻላችሁን የምታውቁት እዚያ ነው።